የፈረሰውን መቅደስ እንዴት እናስታውስ?



በልደታ፣ አብነት ሰፈር ለሚኖሩ ሕፃናት ስለ መካነ ሥላሴ ስናስተምር፣ አንዱ ሕፃን «አባ፣ ያቃጠሉት የጎረቤቶቻችን አባቶች ናቸው?» ሲል ጠየቀን። የጎረቤቶቹ ቤት የእስላም ቤት ነው። በዚያን ሰዓት የሰጠነው መልስ የማይበቃ ስለ ነበረ፣ በዚህ ጽሑፍ ልንመለስበት ወደድን።

መካነ ሥላሴ ዛሬ ደቡብ ወሎ በሚባለው ምድር የታነጸ የነገሥታት ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ዐፄ ናዖድ (1494–1508 እ.ኤ.አ.) አስጀመሩት፤ ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል አስፈጸሙት። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆዩት ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አይተውት በመጽሐፋቸው ገልጸውታል። በዚያው በወሎ ምድር ዐፄ በእደ ማርያም ያከበሩት አትሮንሰ ማርያም ነበረ፤ ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በአባ ኢየሱስ ሞዐ ትምህርት የታወቀው ሐይቅ እስጢፋኖስና ግሸን ማርያም ግን ዛሬም አሉ።

በ1531 እ.ኤ.አ. የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት ደረሰ፤ መካነ ሥላሴና አትሮንሰ ማርያም ተቃጠሉ። ነገር ግን ስለ መካነ ሥላሴ ውበት ካሉን ሰፊ ምስክርነቶች አንዱ የተጻፈው በዚያው ሠራዊት ወገን ነው። ዐረብ ፋቂህ «ፉቱህ አል ሐበሻ» በተባለው ታሪኩ የሕንጻውን ወርቅና የኢማሙን መደነቅ ሳይሸሽግ ጻፈ፤ ቀጥሎም ቃጠሎውን ጻፈ። እንግዲህ እኛ የመቅደሳችንን ክብር የምናውቀው በከፊል ካቃጠሉት ወገን ብዕር ነው። ባላጋራችን እንኳ ስለ እኛ እውነት ከተናገረ፣ እኛ ስለ እርሱ እውነት ከመናገር ምን ያግደናል?

በዚህ ነገር ሁለት ስሕተቶች ያሰጉናል። የመጀመሪያው ለሰላም ሲባል ታሪኩን መቅበር ነው። የቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ክርስቲያኖችና እስላሞች ያለፈውን ጠብ ትተው በቅንነት እንዲግባቡ ለምኖአል። ጠብን መተው ግን ታሪክን መካድ አይደለም፤ ሕፃኑ እውነቱን ከእኛ ካልሰማ አጣምሞ ከሚነግረው ይሰማዋል። ሁለተኛው ታሪኩን እንደ ዕዳ ደብተር ይዞ ከልጅ ልጅ መጠየቅ ነው። አበው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ያሉት ስለዚህ ነው።

ታዲያ መታሰቢያን ከቂም የምንለየው በምንድን ነው? ቂም የሚቈጥረው የተበደለውን ብቻ ነው፤ መታሰቢያ ግን የበደለውንም ይቈጥራል። እኛ ካቶሊካውያን የምንቈጥረው አናጣም። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ፣ በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ምእመናን ዳግመኛ እንዲጠመቁ፣ ካህናትም ዳግመኛ እንዲካኑ አዘዙ። የአገሩ አባቶች ሥርዓት ተናቀ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ንጉሡ የቀድሞውን እምነት መለሱ። የዛሬው የአብነት ካቶሊካዊ ሕፃን በዚያ ደም ይጠየቃልን? አይጠየቅም። እንግዲያስ ጎረቤቱም በመካነ ሥላሴ ቃጠሎ አይጠየቅም። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ2000 እ.ኤ.አ. ስለ ቤተ ክርስቲያን ልጆች በደል በአደባባይ ይቅርታ የለመኑት ጥፋቱን ወደ ልጅ ልጅ ለማውረድ ሳይሆን እውነቱን ለመናዘዝ ነበር።

መታሰቢያ በጎውንም አይዘነጋም። በ7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከመካ ተሰድደው የመጡትን እስላሞች ክርስቲያኑ የአክሱም ንጉሥ ተቀብሎ እንዳስጠጋቸው እስላሞች እስከ ዛሬ በምስጋና ይናገራሉ።

ስለዚህ ለዚያ ሕፃን መልሳችን ይህ ነው። «ልጄ፣ ያቃጠሉት በዚያ ዘመን የነበሩ ወታደሮች ናቸው፤ በደላቸውም በደል ነው። ጎረቤትህ ግን ያቃጠለው ነገር የለም። እኛም በዘመናችን የበደልነው አለ፤ እርሱንም እነግርሃለሁ።» መምህራን ሆይ፣ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር አትዝለሉት፤ ያለ እርሱ የፊተኛው ቂም ይሆናል።

የመካነ ሥላሴን ወርቅ መመለስ አይቻለንም፤ የፈረሰውን ያለ ጥላቻ መተረክ ግን ይቻለናል። አብነት ማለት አርአያ ማለት ነውና፣ በዚህ ሰፈር የምንኖር ከስማችን እንዳናንስ እግዚአብሔር ይርዳን።