ስምና ገለፈት

ክረምት ሲገባ በወላይታ፣ አረካ ላይ፣ ከሶዶ ወደ ሆሳዕና በሚዘልቀው መንገድ ዳር፣ እሸት በቆሎ በከሰል ይጠበሳል። ገዢው ቆሞ ይግጣል፤ ቆረቆንዳውን ይጥልና መንገዱን ይቀጥላል። የበቆሎው ነገር በዚህ ያበቃ ይመስላል። ልጅ ያለበት ቤት ግን በማግስቱ ሌላ ነገር ያያል፤ ትናንት የተበላው ፍሬ መልኩን እንደያዘ ወጥቷል። እናት “ዋጥከው እንጂ መቼ አኘክኸው!” ትላለች። ከዚህች ተግሣጽ አንድ ጥያቄ ይወለዳል፦ ከውጭ የተቀበልነው ነገር የእኛ የሚሆነው መቼ ነው? አፋችን ሲገባ ነው? ስም ስናወጣለት ነው? ወይስ ከዚያ በኋላ?

ከሆድ እንጀምር። የበቆሎ ፍሬ ገለፈት በአብዛኛው ከሴሉሎስና ከመሰል አሠር የተሠራ ነው፤ ውስጡ ደግሞ በስታርች የተሞላ ነው። ሴሉሎስም ስታርችም የሚገነቡት ከአንድ ዓይነት ስኳር፣ ከግሉኮስ ነው። ልዩነታቸው ስኳሮቹ እርስ በርስ በተያያዙበት መንገድ ላይ ነው። የስታርቹን ማያያዣ ምራቃችንና ቆሽታችን ይበጥሱታል፤ የሴሉሎሱን የሚበጥስ ነገር ግን የሰው አካል አያመነጭም። በሬ አገዳውን ሳይቀር በልቶ የሚጠግበው በሆዱ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ስለሚሠሩለት ነው። እንግዲህ በማግስቱ የታየው ብዙውን ጊዜ ባዶ ገለፈት ነው፤ ውስጡ ሥጋና ጉልበት ሆኗል። ዐይን ግን ሽፋኑን አይቶ “አልተፈጨም” ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ትክክል የሚሆነው ጥርስ ገለፈቱን ሳይሰብረው ሲቀር ነው።

ስምም እንዲህ ይሆን? “ስምን መልአክ ያወጣዋል” ይባላል። የበቆሎን ስም ያወጣው ግን ብዙውን ጊዜ በየአገሩ በር ላይ የቆመ ሰው ነው፤ እህሉ ከየት በኩል ሲመጣ እንዳየ፣ ወይም እንዳየ እንደመሰለው፣ ሰየመው። ጣሊያን “የቱርክ እህል” አለው። ቱርክ በበኩሉ “ምስር” ብሎ ለግብፅ ሰጠው። ግብፅ “የሻም ዱራ” ብሎ ወደ ሶርያ መራው። ስዋሂሊ “ማሂንዲ” ሲል ወደ ህንድ ያመለክታል። እኛም “የባሕር ማሽላ” አልነው። በቆሎ ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት የተላመደው በሜክሲኮ ነው፤ ወደ ቀረው ዓለም የተሻገረውም ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ከተጓዘ በኋላ ነው። ሁሉም ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ቀሰረ እንጂ አንዱም የትውልድ አገሩን አልጠራም።

ስሞቹ ተሳሳቱ ብሎ መዝጋት ግን ችኮላ ነው። “የባሕር ማሽላ” ሁለት ቃል ብቻ ሆኖ ሁለት እውነት ይዟል፤ “ማሽላ” የምናውቀውን፣ “ባሕር” የማናውቀውን ይናገራል። በወላይትኛ እህሉ “ባዳላ” ነው፤ በአማርኛም “በቆሎ” የሚለው ስም ገንኗል። እነዚህ ለሰሚያቸው የማንንም አገር በር አያሳዩም። ጆሮ “በቆሎ”ን “በቀለ” ከሚለው ግስ ጋር ሊያዛምደው ይቃጣዋል፤ የድምፅ መመሳሰል ግን ማስረጃ አይሆንም። ታዲያ የመጣበትን የማይናገር ስም የመዋሐድ ምልክት ነው ወይስ የመርሳት? ከስሙ ብቻ ተነሥቶ መፍረድ ገለፈት አይቶ እንደ መፍረድ ነው።

ስም መስጠት መቀበል እንዳልሆነ አውሮፓ በሕመም ተምራለች። የሜክሲኮ ሕዝቦች በቆሎን በኖራ ወይም በአመድ ውኃ ይቀቅሉ ነበር። ይህ ገለፈቱን ያላቅቃል፤ ታስሮ ያለውን ኒያሲን የተባለ ቫይታሚንም ይፈታል። ዘሩ ባሕር ሲሻገር ኖራው እዚያው ቀረ። በቆሎን ብቻ የሚበሉ ድሆች ቆዳቸው እየሻከረ፣ አእምሯቸው እየታወከ ይሞቱ ጀመር። ካሳል የተባለ ስፔናዊ ሐኪም በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1735 መዘገበ፤ ጣሊያኖች “ሸካራ ቆዳ” በሚል ትርጉም ፔላግራ አሉት፤ ፈውሱ ኒያሲን መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። እህሉን ውጠውት ነበር፤ አላኘኩትም።

ወላይታ እንዴት አኘከው? ማሳው ላይ ከቦሎቄ ጋር ቀላቅሎ ይዘራዋል፤ ገበታው ላይ ከጎመን ጋር ያገናኘዋል፤ አብኩቶም ቦርዴ የተባለውን መጠጥ ይጠምቅበታል። የቆጮን ጉድጓድ ለሚያውቅ ሕዝብ ማብላላት አዲስ ነገር አይደለም፤ ጉድጓዱ ከሰውነት ውጭ ያለ ሆድ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን “እሸት” የሚለው ቃል ነው። በጣሳ ታሽጎ የሚሸጠው ጣፋጭ በቆሎ ራሱን የቻለ ዓይነት ነው፤ በዘረ መሉ ለውጥ ምክንያት ስኳሩ ወደ ስታርች መለወጡ ይዘገያል። የአረካ ጣፋጭነት ግን የጊዜ ጉዳይ ነው፦ ከበልግ ችግር በኋላ፣ ፍሬው ከመድረቁ በፊት፣ ጥቂት ቀናት ብቻ። በር ላይ የወጡት ስሞች “ከየት መጣ?” ለሚለው ሲመልሱ “እሸት” ግን “መቼ ይበላል?” ለሚለው ይመልሳል። ይህን ቃል ማሳው ውስጥ የከረመ እንጂ በር ላይ የቆመ ሰው አያወጣውም።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል። ዛሬ ፓዮኒር ከተባለው የውጭ ኩባንያ ድቃይ ዘሮች አንዱ “ሾኔ” በሚል ስም ይታወቃል፤ ሾኔ ከሶዶ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ስሙ የጎረቤት ነው። ይሁን እንጂ ድቃይ ዘር ከምርቱ ተቀንሶ ቢዘራ በሁለተኛው ዓመት ጉልበቱ ይደክማል፤ ገበሬው ወደ ሻጩ መመለስ አለበት። የባሕር ማሽላ ስሙ የሩቅ፣ ዘሩ የጎተራ ነበር፤ ሾኔ ስሙ የቅርብ፣ ዘሩ የሱቅ ነው። ምርቱ ይበልጣልና አይነቀፍም፤ የራስ መሆኑን ግን ስሙ ሊመሰክርለት አይችልም።

ስለዚህ የራስነት ሚዛኑ ስም አይደለም፤ ዘሩን ማቆየት፣ አበሳሰሉን ማወቅ፣ ቀኑን መለየት ነው። መንገድ ዳር ያለችው ጠባሽ ሽፋን ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ አንዱን ፍሬ በጥፍሯ ትጫነዋለች። ወተት ከፈነጠቀ ወደ እሳቱ ትወስደዋለች፤ ከጠጠረ ለንፍሮ ታስቀምጠዋለች። ገለፈቱን ሳትሰብር አትፈርድም።