ወገን የማን ሥራ ነው?

ድሬዳዋ ባዮሎጂ ሳስተምር፣ የበረሃ ጽጌረዳ የሚሉትን ቁጥቋጦ ተማሪዎቼ ቁልቋል ነው ብለው ድርቅ ይሉብኝ ነበር። አይፈረድባቸውም። ግንዱ ውኃ ቋጥሮ ወፍሯል፤ በደረቁ ወራት ቅጠሉን አራግፎ በባዶ ቅርንጫፉ ያብባል፤ ሲቆርጡት መርዙ ይወጣል። «ይህስ የአጋም ዘመድ ነው» ስላቸው ይስቃሉ። አጋም ያልለቀመ ልጅ የለማ! ግን እውነት ነው፤ አጋምም፣ ለቀስት መርዝ የሚሆነው ምረንዝም፣ በየከተማው ለጌጥ የሚተከለው ኦሊያንደርም የአንድ ቤተሰብ ናቸው።

እኔን የሚይዘኝ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ኦሪት ዘፍጥረት ዕፅዋት እንደየወገናቸው መብቀላቸውን ይናገራል። አዳም ስም ሲያወጣ ግን የተጻፈው ለእንስሳትና ለወፎች ማውጣቱ ነው። ታዲያ የተክል ወገን ከእኛ በፊት የነበረ ነው ወይስ እኛ በወረቀት ያሰመርነው?

ወረቀቱማ ተለዋውጧል። የዕፅዋት መዳቢው የሊኒየስ ደቀ መዝሙር ፒተር ፎርስኮል የበረሃ ጽጌረዳን ከኦሊያንደር ወገን ቆጠረው። እ.ኤ.አ. በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ፤ የጉዞ ጓዱ ካርስተን ኒቡር ሥራውን በ1775 አሳተመለት። በ1819 የዕፅዋት ሊቃውንቱ ሮመርና ሹልተስ ለብቻው አውጥተው በዓደን ወደብ ስም አዴኒየም አሉት። ልዩነቱ ዘሩ ላይ ይታያል፤ የኦሊያንደር ዘር ጸጉር ያለው በአንድ ጫፉ ነው፣ የዚህኛው በሁለቱም።

ያም ሆኖ አትክልተኞች ቅርንጫፉን ቆርጠው ኦሊያንደር ግንድ ላይ ይቀጥሉታል፤ ይይዛል። ቁልቋል ላይ ቢቀጥሉት አይይዝም። ፎርስኮልን ያላነበበ ግንድ ዘመዱን ያውቃል! ስለዚህ ወገን የእኛ ፈጠራ ብቻ ነው የሚሉትን አልቀበልም። ከቁልቋል ጋር ያመሳሰለው ጥማት ነው፤ ዝምድናውን አበባው ይናገራል።

ወሰኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንዳንድ ሊቃውንት የሶኮትራ ደሴቱ አዴኒየምም፣ የዓረቡም፣ የደቡብ አፍሪካውም አንድ ዝርያ ነው፣ መልኩ ብቻ ተለያየ ይላሉ፤ ሌሎች እያንዳንዱን ለየብቻ ያቆማሉ። እርስ በርስ አዳቅለው ዘር የሚያገኙም አሉ። ይህን ስናገር አንድ የቄስ ልጅ እጁን አወጣ፦ «እግዚአብሔር ዘንድስ ስንት ናቸው?»

ገና እየተለያየ ያለ ነገር ዛሬ ተቆጥሮ አያልቅም አልኩት።

«እርሱ እኮ ነገንም ያያል፣ ቲቸር» አለኝ።