መካከል መካከሉን

ሰርዲንን አብዛኞቻችን የምናውቀው በቆርቆሮ ውስጥ ነው። እዚያም ቢሆን ተደርድሮ፣ ጎን ለጎን ተጠጋግቶ ነው የሚገኘው። በሕይወት ሳለም ልማዱ ይኸው ነው። ከባሕሩ ዳርቻ ሳይርቅ በሺህ፣ ሲልም በሚሊዮን ሆኖ አንድ ትልቅ አካል መስሎ ይዋኛል። አለቃ የለውም፤ መንጋው ሲታጠፍ መሪ ይመስል የነበረው ጭራ ይሆናል። እያንዳንዱ ዓሣ የሚከታተለው አጠገቡ ያሉትን ብቻ ነው። በዓይኑ ያያቸዋል፤ የውሃውንም ንዝረት ያዳምጣል። ጎረቤቱ ከዞረ እሱም ዞረ።

ይህን ለማየት ባሕር መውረድ አያስፈልግም። እኛ ሐዋሳ፣ ታቦር ሥር፣ ቄጠማው ውስጥ የቆሮሶ ጫጩቶች እንዲሁ በቡድን ሲርመሰመሱ ይታያሉ። የሰው ጥላ ሲያርፍባቸው ሁሉም ባንዴ እልም!

መቼም እንዲህ ያለውን ያየ ሰው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለቱ አይቀርም። እንግሊዛዊው ሃሚልተን ግን እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ ነገሩን በሌላ ዓይን አየው። እባብ ያለበት ኩሬ ዳር የተቀመጡ እንቁራሪቶችን አስቡ ይላል። እባቡ ብቅ ሲል የሚበላው ቅርቡ ያለችውን ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ዘልላ በሁለት ጎረቤቶቿ መካከል ትሸጎጣለች። ሁሉም እንዲህ ሲያደርጉ አንድ ላይ ይከማቻሉ። እኛ ፍቅር ያልነው ክምችት ለካ መደባበቂያ ኖሯል። የመካከለኛዋ ደኅንነት የሚከፈለው በዳር ባለችው ነው።

ሳይንሱ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጨምሮበታል፤ አዳኝ በብዛት ግራ መጋባቱ አንዱ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ያቺ የዳሯ ናት። ዓሣዋን አልወቅስም። የኛውን መንጋ ነው የማስበው። መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ያለጥፋቱ ሲወነጀል ሌላው ወደ መካከል ሲሸሽ ያላየ አለ? «እኔ ምን አገባኝ» የሚባለው ያኔ ነው።

አሞራ ገደል አካባቢ መረቡን ሲጠግን ያገኘሁትን አንድ ወጣት የመረቡ ቀዳዳ ለምን እንዲህ እንደጠበበ ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ እኔ ብተወው ሌላው ያወጣው የለ?» አለኝ።

ክፉ ልጅ አይደለም። ያለውም ሐሰት አይደለም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ሁሉም ያንኑ ስለሚል ቆሮሶዋ አንዴ እንኳ ሳትወልድ ትወጣለች። አጠማመድን ሥርዓት ለማስያዝ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከወጣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው! አዋጅ ግን ሌሊት ጀልባ ላይ አብሮ አይሳፈርም።

ደግሞ ይህችው ቆሮሶ ሌላ ጠባይም አላት። እናቲቱ እንቁላሏን ለቅማ በአፏ ትይዛለች። እስኪፈለፈሉ፣ ከዚያም መዋኘት እስኪችሉ ድረስ ምግብ እምብዛም አትቀምስም። ከለቀቀቻቸው በኋላም አደጋ ሲመጣ አፏን ከፍታ መልሳ ታስገባቸዋለች። አባትየው ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። (እዚህ ላይ አስተያየት ባልሰጥ ይሻላል።) እንግዲህ መደበቅንም መደበቂያ መሆንንም አንዲት ዓሣ በአንድ ዕድሜዋ ታደርገዋለች። ስታድግ መሸሸጊያ የምትሆነው፣ ትንሽ ሳለች በሌሎች መካከል ስትሸጎጥ የነበረችው ናት።

እ.ኤ.አ. በ2005 ኩዚንና ባልደረቦቹ በኮምፒውተር ስሌት ያሳዩት ነገር አለ። አቅጣጫውን የሚያውቁ ጥቂቶች ብቻ ቢኖሩ፣ ማን እንደሚያውቅ ሌላው ባይለይ እንኳ፣ መንጋው ተከትሏቸው ይሄዳል። መንጋው በበዛ ቁጥር ደግሞ የሚያስፈልገው የአዋቂዎች ድርሻ እያነሰ ነው የሚመጣው።

ይህን ለወጣቱ ነገርኩት። መርፌውን ክሩ ላይ አቁሞ ጥቂት አሰበና፣

«ጥቂቶቹ እስኪበዙ ድረስ ማን ያበላቸዋል?» አለኝ።