ወረቀቱ በማን እጅ ነው?

በኒው ዮርክ፣ ሃርለም ሰፈር የሚገኘው የሾምበርግ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የጥቁሮች ኮሚክስ ፌስቲቫል ሲያዘጋጅ ቆይቷል። ኮሚክስ በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ ታሪክ ነው። ለመሆኑ ዘረኝነትን የሚቃወም ወገን በቀለም ለይቶ መሰባሰቡ ራሱ መለያየት አይደለምን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን ኦሪን ኢቫንስን የደረሰበትን የዘነጋ ይመስለኛል።

ኢቫንስ የፊላደልፊያ ጥቁር ጋዜጠኛ ነበር። በዘመኑ ዊል አይስነርን የመሰለ ድንቅ ሠዓሊ እንኳ «ዘ ስፒሪት» በተሰኘው ሥራው ጥቁሩን ልጅ ከንፈሩን አሳብጦ መሳቂያ አድርጎ ይስለው ነበር። ኢቫንስ በ1947 ደራሲዎቹም ሠዓሊዎቹም ጥቁሮች የሆኑበትን «ኦል ኔግሮ ኮሚክስ» በ15 ሳንቲም ለገበያ አቀረበ። ሁለተኛውን እትም ሊያወጣ ሲል ግን የጋዜጣ ወረቀት የሚሸጥለት አጣ። መጽሔቱ በአንድ እትም ቀረ። የከለከለው ሕግ አልነበረም፤ ሳንሱርም አልቆረጠውም። ወረቀት ያለው ሰው «አልሸጥም» አለ፣ በቃ። (የወረቀት ነገር ለእኛ ለጋዜጠኞች ቶሎ ይገባናል።)

ታዲያ ይህን ሰው ተገንጣይ ልንለው ነው? ገበያው ያስወጣው ሰው የራሱን ገበያ ቢያቆም፣ ለመለያየቱ ተጠያቂ የማደርገው እርሱን አይደለም። ሃርለም ላይ ጠረጴዛ የሚዘረጋው ሠዓሊ ብዙ ጊዜ አሳታሚም ሻጭም ራሱ ነው። ሊገዛው የመጣውን ነጭ ደግሞ በር ላይ የሚመልሰው የለም።