ኑዛዜ የሚቀሩትን ማጽናናት ነው

ሰው ሁሉ ሟች መሆኑን ያውቃል፤ ዳሩ ግን በጤናው ሳለ ኑዛዜህን አድርግ ቢሉት ሞቱን የተመኙለት ይመስለዋል። ስለዚህ ነገሩን ከዛሬ ወደ ነገ ሲያሸጋግር ይኖርና ደዌ በጸናበት ቀን አንደበቱ ይተሳሰራል፤ ልጆቹም በራስጌና በግርጌ ቆመው ከማዘን ይልቅ እርስ በርሳቸው በጥርጣሬ ይተያያሉ። እንግዲህ በጊዜው መናዘዝ ሰው ቢወድ የሚያደርገው፥ ባይወድ የሚተወው ነገር ነውን? ወይስ ለቤተ ሰቡ ያለበት ዕዳ ነው?

የቃሉ ምሥጢር ለዚህ ጥያቄ መንገድ ያሳያል። በግእዝ ናዘዘ ማለት አጽናና ማለት ነው፤ ናዛዚም አጽናኝ ነው። በአማርኛ ደግሞ ኃጢአትን ለንስሐ አባት መናገርም፥ ገንዘብን ለወራሽ ማስታወቅም አንድ ስም ይዘው መናዘዝ ይባላሉ። የፊተኛው የሚሄደውን ያሳርፋል፤ የኋለኛው የሚቀሩትን ያሳርፋል። ሁለቱም እውነትን ሳይሸሽጉ መናገርን ይሻሉ።

ብዙ አባቶች ግን ዝም የሚሉት ከፍቅር የተነሣ ነው ይላሉ። ለአንዱ ቢናገሩ ሌላው እንዳይቀየም ይፈራሉ። ይህ አሳብ ፍቅር ቢመስልም፥ ጠቡን ከአባት ላይ አንሥቶ በልጆች ላይ መጫን ነው። አባት በሕይወቱ ሳለ የተቀየመ ልጅ ምክንያቱን ሊጠይቅ፥ ሊታረቅም ይችላል፤ ከመቃብር ግን መልስ አይገኝም።

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ የተጻፈው የንጉሥ ዳዊት የእርጅና ታሪክ ይህን ያስረዳል። ዳዊት ሰሎሞን በእርሱ ፈንታ እንዲነግሥ ለቤርሳቤህ ምሎላት ነበር፤ ነገር ግን መሐላውን በሕዝብ ፊት ሳያጸናው አረጀ። ልጁ አዶንያስንም ከቶ ተቆጥቶት አያውቅም ነበር። ስለዚህ አዶንያስ አባቱ ሳይሞት እነግሣለሁ ብሎ ተነሣ፤ የጦር አለቃው ኢዮአብና ካህኑ አብያታርም ተከተሉት። ነቢዩ ናታንና ቤርሳቤህ ገብተው ባሳሰቡት ጊዜ ዳዊት ሰሎሞንን በግዮን አስቀብቶ አነገሠው። ሆኖም በወንድማማቾቹ መካከል የገባው ጥርጣሬ አልጠፋም፤ ዳዊት ከሞተ በኋላ አዶንያስና ኢዮአብ ተገደሉ፥ አብያታርም ከክህነቱ ተሻረ። አባት ልጁን ላለማስከፋት የቆጠበውን ቃል ልጆች በደም ከፈሉት።

በኢትዮጵያም ጥንት ፍትሐ ነገሥት ስለ ኑዛዜ ሥርዓት ሠርቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ይለያል። በግልጽ የሚደረገው በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ፥ መነበቡና ቀኑ ተጽፎ ይፈረምበታል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውል አዋዋይ ቢሆን 2 ይበቃሉ። ተናዛዡ ብቻውን የሚያደርገው ሁሉም በእጁ የተጻፈ፥ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገር፥ በየገጹም ቀንና ፊርማ ያለበት መሆን አለበት። በቃል ለ2 ምስክሮች የሚነገረው ግን ለቀብር፥ ለልጆች ሞግዚትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማያልፍ ስጦታ ብቻ ነው፤ ተናዛዡ 3 ወር ቢቈይ ይፈርሳል። እንግዲህ በሞት አፋፍ በሚነገር ቃል ቤት አደላድላለሁ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ተስፋው ከንቱ ነው።

ይኸው ሕግ ልጁን ከውርስ የሚነቅል ሰው ምክንያቱን በኑዛዜው እንዲጽፍ ያዝዛል። ይህም መልካም ፍርድ ነው። ኑዛዜ መልስ ሊሰጥ የማይችለው ሰው የሚተወው የመጨረሻ ቃል ነውና፥ የቂም መወጫ ሊሆን አይገባውም። ሲጽፈው ልጁ ሲያነበው በዓይኑ ፊት ሊያየው ይገባል።

ቤትና ገንዘብ የሌለውም ኑዛዜ አያሻኝም አይበል። የተበደረውን፥ አደራ የተቀበለውን፥ ያልከፈለውን የሠራተኛ ደመወዝ፥ ለማን እንደሚተው ያልተናገረለትን ሕፃን ያስብ። ወታደሮች ልብሱን እንኳ የተካፈሉበት ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለደቀ መዝሙሩ አደራ ሰጥቷል። ስለዚህ መናዘዝ የባለጠጋ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ከሚወዳቸው የሚለይ ሰው ሁሉ ዕዳ ነው፤ የሚከፈለውም አእምሮ ጤናማ፥ እጅም ብርቱ ሳለ ነው።