አደራ በአንድ ዕቃ አይጠበቅም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዛሬው ጽሑፋችን ስለ አደራ አጠባበቅ ጥቂት ልንነጋገር እንወዳለን። ነገሩንም የምንጀምረው ከሩቅ አገር ሳይሆን በባሕር ዳር ከተማ፣ በጣና ዳር በሚገኘው አጥቢያችን ከደረሰው ነው። የምንናገረው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ወቀሳው በራሳችን ላይ ነውና።

በአጥቢያችን ብዙ ዘመን ዜማ ያስተማሩ አንድ አረጋዊ መምህር ነበሩ። ዓይናቸው ከደከመ በኋላ እንኳ የሚበዛውን በቃላቸው እየመሩ ማኅሌቱን ሳይታክቱ ይቆሙ ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች የእኒህን አባት ድምፅ ለትውልድ እናቆይ ብለው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በትዕግሥት እየተቀመጡ ዜማቸውን ቀረጹ። ከዚሁም ጋር የአጥቢያውን የክርስትና መዝገብ ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ አነሡ። ይህ ሁሉ ድካም የተከማቸው ከመዳፍ በማይበልጥ አንድ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነበር። መምህሩም ዕድሜ ጠግበው ዐረፉ፤ እኛም «ድምፃቸው አለልን» እያልን ተጽናናን።

የጥምቀት በዓል በቀረበበት ሰሞን አንድ ማታ መብራት ድንገት ጠፍቶ ተመልሶ በመጣ ጊዜ፣ ያ ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ እያሰማ አልከፈት አለ። ጠባቂው ወጣት ደንግጦ ደጋግሞ አጠፋው፤ ደጋግሞም አበራው። በማግሥቱ ወደ ጠጋኝ ቢወስደው ክዳኑ ተከፈተ። በመጨረሻ በአዲስ አበባ ያሉ ባለሙያዎች መርምረው፣ ድምፁና ሥዕሉ የተመዘገበበት ገጽ ስለ ተፋቀ የሚመለስ ነገር የለም አሉ። ያ ወጣት ከኀዘኑና ከኀፍረቱ የተነሣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቀረ። ከመካከላችንም «አባታችንን ሁለተኛ ገደላቸው» ብሎ የተናገረ ተገኘ።

ለመሆኑ ይህ ዕቃ ምንድር ነው? ሃርድ ዲስክ የተባለው መሣሪያ በመጀመሪያ የወጣው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም አይ.ቢ.ኤም በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ያን ጊዜ 50 ክብ ገበታዎች ተደራርበውበት፣ ቁመቱ ከሰው ቁመት የማያንስ ሆኖ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ያህል ነበር። ዛሬ በኪስ የሚያዘው የዚያን ብዙ መቶ ሺህ እጥፍ ይይዛል። በውስጡ ያለው ገበታ በአንዲት ደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል፤ የምታነበውም መርፌ መሰል ራስ ከጠጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ክፍተት በገበታው ላይ ታንዣብባለች። ጥቂት ትቢያ ቢገባ፣ ዕቃው ቢወድቅ ወይም ቢያረጅ፣ ራሲቱ ገበታውን ትነካለች፤ የነካችውንም ትፍቃለች። ስለዚህ የቀጭታው ድምፅ በተሰማ ጊዜ ሊደረግ የሚገባው ወዲያው ማጥፋት፣ ዳግመኛም አለማብራት፣ ትቢያ በሌለበት ክፍል ከሚሠራ ዐዋቂ በቀር ማንም እንዳይከፍተው መከልከል ነበር። እኛ ግን ይህን የተማርነው ከጠፋ በኋላ ነው።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? የመብራቱ ነውን? የወጣቱ ነውን? በእውነት ብንመረምር ሦስት ዓመት ሙሉ ከእኛ ከካህናቱም ከሰበካ ጉባኤውም ወገን «ሌላ ግልባጭ አለን?» ብሎ የጠየቀ አንድ ስንኳ አልነበረም። ለወጣቱ ቁልፉን ሰጠነው እንጂ ረዳት አልሰጠነውም። የሁሉ የሆነውን አደራ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ዕቃ ውስጥ ትተን፣ ዕቃው በተሰበረ ጊዜ ሰውየውን ሰበርነው። ሁለተኛው ስብራት ከፊተኛው የከፋ ነው፤ ዕቃ ቢሰበር ዕቃ ይተካዋል፤ ስለ ነፍስ ግን መልስ እንሰጣለንና።

የተቀደሰ ነገር ሲጠፋ ይህ የመጀመሪያ አይደለም። ነቢዩ ኤርምያስ የእግዚአብሔርን ቃል ለባሮክ እየነገረ ያስጻፈውን ክርታስ ንጉሡ ኢዮአቄም በካራ እየቀደደ በፊቱ በሚነደው እሳት ውስጥ ጨመረው። ነቢዩ በዚህ ጊዜ ምን አደረገ? ባሮክን ለምን ሁለት አድርገህ አልጻፍህም ብሎ አላሳደደውም፤ ሌላ ክርታስ አስይዞ እንደ ገና አስቀመጠው። በሁለተኛውም ክርታስ የፊተኛው ቃል ሁሉ ተጻፈ፤ ብዙ ቃልም ተጨመረበት። በዕዝራ ሱቱኤልም ሕጉ በእሳት ከተቃጠለ በኋላ ዕዝራ አምስት ጸሐፊዎችን ይዞ አርባ ቀን እንዳስጻፈ እናነባለን። ልብ አድርጉ፤ ዕዝራ አንድ ጸሐፊ ይበቃኛል አላለም።

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን፣ በየቀኑ ወደምናየው ወደ ጣና እንመለስ። ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ሬማ መድኃኔ ዓለም፣ ደብረ ማርያም፣ እነዚህ ሁሉ የብራና መጻሕፍትን በማኅደር ከትተው፣ በዕቃ ቤት ዘግተው ለዘመናችን አድርሰውልናል። በእኛ አቈጣጠር ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም በነበረው በግራኝ ጦርነት ጊዜ ስንት አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ተቃጠሉ! በዚያ ዘመን ድጓ ጠፍቶ በጋይንት ቤተ ልሔም ብቻ እንደ ተረፈ አበው ይተርኩልናል። የቤተ ልሔም አባቶች የተረፈው የእኛ ብቻ ነው ብለው ቢቈልፉበት ኖሮ ዛሬ በየደብሩ ድጓ ባልተሰማ ነበር። እነርሱ ግን ደቀ መዝሙሩን ሁሉ እያስገለበጡ፣ እያስዜሙ፣ እያስመሰከሩ ሰደዱት። ቍልፍ ከሌባ ያድናል፤ ከእሳት የሚያድነው ግን ግልባጭ ነው። ስለዚህ በብዙ እጅና በብዙ ልብ ያልተካፈለ ነገር፣ ተሸሸገ እንጂ ተጠበቀ አይባልም።

በቅርቡ ዘመንም ይህንኑ አይተናል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባሉ ጀርመናዊ ሊቅ ወደ ጣና ደሴቶች መጥተው መጻሕፍቱን በፊልም አነሡ፤ የክብራንን መጻሕፍት የሚዘረዝረው መጽሐፋቸውም በ1973 ዓ.ም ታተመ። በዚያው በ1973 ዓ.ም ቤተ ክርስቲያናችን የተባበረችበት የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ተጀምሮ፣ በየዘመኑ ከዘጠኝ ሺህ በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል። የፊልሙ አንዱ ቅጅ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ተቀመጠ። ያነሡት ሰዎች አንዱን ቅጅ ከሌላው ማራቃቸው በከንቱ አይደለም፤ አንድ እሳት ሁለት አገር አያቃጥልምና።

ስለዚህ በየአጥቢያው መዝገብ፣ ሥዕል ወይም ዜማ በኮምፒዩተር የምታስቀምጡ ሁሉ ይህን ልብ በሉ። አንደኛ፤ የምትጠብቁት ነገር በሦስት ቅጅ ይኑር፤ ቅጆቹ በሁለት ዐይነት ዕቃ ላይ ይሁኑ፤ አንዱም ከቤቱ ርቆ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ። ሁለተኛ፤ ቅጅ አለን ማለት አይበቃም፤ በየጊዜው ተከፍቶ መነበቡ ይታይ። የጣና ታንኳ ከደንገል የተሠራ ስለ ሆነ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ባለታንኳውም ከውኃ እያወጣ ያደርቀዋል፤ ሳይበሰብስም ሌላ ያስራል። ሃርድ ዲስክም፣ ፍላሽም እንዲሁ ነው፤ ሳያረጅ ወደ አዲስ ይገልበጥ። ሦስተኛ፤ ጠባቂው አንድ ሰው ብቻ አይሁን፤ ሥራውን የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ይኑረው። ከሁሉም በላይ ዜማው በደቀ መዛሙርት ልብ ይቀረጽ፤ መቅረጫው የጉባኤ ቤት ረዳት ነው እንጂ ምትኩ አይደለም።

የነገራችንን ፍጻሜ ደግሞ እነሆ። ከመካከላችን ሦስት ሰዎች ወደዚያ ወጣት ቤት ሄድን። ልንመክረው ሳይሆን ይቅር በለን ልንለው ሄድን። ብዙ ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም አለቀሰ። በሳምንቱ ከእኛ ጋር ተነሥቶ የመምህሩን የቀድሞ ደቀ መዛሙርት እየፈለገ በየደብሩ ዞረ። የክርስትናው መዝገብ በወረቀት ስለ ነበረ እንደ ገና ተነሣ። ከዜማውም ደቀ መዛሙርቱ በልባቸው የያዙት እየተዜመ ተቀረጸ፤ በአንዳንዶች ስልክ ውስጥም የመምህሩ የራሳቸው ድምፅ ለጥቂት ደቂቃ ተገኘ። የተገኘው ከጠፋው እኩሌታ አይሆንም። የቀረው ቀርቷል፤ ይህን ሸፍነን አናልፍም። ነገር ግን አሁን ያለን በአራት ሰዎች እጅ፣ በሦስት ስፍራ ይገኛል።

ወገኖቻችን ሆይ፤ የማይጠፋ መዝገብ በእግዚአብሔር ዘንድ ያለው ብቻ ነው። የዚያ አረጋዊ የሌሊት ዜማ አንዲት ቃል ሳትቀር በእርሱ ዘንድ ተሰምታለች። ይህ ግን ለሐዘንተኛ መጽናኛ ነው እንጂ ለቸልተኛ ማመካኛ አይሁን። እርሱ የሰጠንን አደራ እኛም ለሚመጣው ትውልድ የምናስረክብ ነን። ስለዚህ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ በአጥቢያችሁ ያለው አደራ በማን እጅ፣ በስንት ስፍራ እንዳለ ዛሬውኑ ጠይቁ። ጠባቂውንም ስታገኙት ከመጠየቃችሁ በፊት አመስግኑት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።