የፈታኙ ፈተና

«ፈተና» የሚለው ቃላችን አንድም የዕውቀት መመዘኛ ነው፤ አንድም ሰውን ከእውነት የሚያናውጥ መከራ ነው። የሕክምና ተማሪን የሚመዝን መምህር ሁለቱንም በአንድ ክፍል ውስጥ ያገኛቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1975 ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ በስኮትላንድ፣ በዳንዲ ከተማ የሞከሩትን የክሊኒክ ክህሎት ፈተና ለዓለም አስተዋወቁ። ተማሪው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወረ፣ በተወሰነ ደቂቃ፣ በአንዱ በሽተኛ ይመረምራል፤ በሌላው የሕመሙን ታሪክ ይጠይቃል። ፈታኙም አስቀድሞ በተዘጋጀ ዝርዝር ነጥብ ይሰጣል። ዓላማው የተማሪው ዕጣ በአንድ ሰው ስሜት ላይ እንዳይንጠለጠል ነበር። ይሁን እንጂ ዝርዝሩን የሚሞላው ያው ሰው ነው፤ አንዱ በነጥብ ይሰስታል፤ ሌላው ይቸራል።

ስለዚህ ፈታኞችም ይሠለጥናሉ። በፊልም የተቀረጸ አንድ ምርመራ አብረው ይመለከታሉ፤ ለየብቻ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከዚያም ስለ ልዩነታቸው ይከራከራሉ። እዚህ ላይ ነው ከባዱ ጥያቄ የሚነሣው፤ ለዓመታት የደከመን ወጣት በአንድ ስሕተት መጣል ጭካኔ አይደለምን?

ነገር ግን በፈተናው አልጋ ላይ የሚተኛው ብዙውን ጊዜ በሽተኛ መስሎ የሚጫወት ሰው ነው። እውነተኛው በሽተኛ ገና አልመጣም፤ ስለ ራሱም ሊናገር አይችልም። ታዲያ ያለ ብቃት የሚሰጥ ማለፊያ፣ ሰጪው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ የሆነ ቸርነት ነው። ያለ መስፈርት መጣልም በሽተኛውን አይጠብቅም፤ ተማሪውን ብቻ ይበድላል። ተማሪው ከመመዘኑ በፊት ፈታኙ ራሱን ማስመዘኑ ለሁለቱም የሚከፍለው ዕዳ ነው።